ከአጥሩ ውጪ የበቀሉት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ፊት ተቀምጦ ጸበል ጸዲቁን ሲቀምስ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ይሻው ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። ይሻው ከተነሣ ነገር አለ ማለት ነው። ሰውዬው አፈ ጮሌ ነው፤ ደግሞ ክፉ አይደለም። ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ሰውን ሰው ይጠነቀቀዋል፤ ይሻውን ግን ማንም አይጠነቀቀውም።

«ወገኖቼ፣ ጣሪያችን ያፈሳል» ብሎ ጀመረ። «ባለፈው ክረምት ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ነው ማኅሌት የቆሙት። ስንለምን ኖርን፣ ልመናም ሰለቸን። ስለዚህ ጉባኤው የወሰነውን ስሙ። ጥዱ ይሸጣል። በቦታው ባሕር ዛፍ ይተከላል። ባሕር ዛፍ ቶሎ አጣና ይሆናል፤ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ራሱን ይችላል። ከምሥራቅ አጥር ውጪ ያለው ጥሻም እስከ መንገዱ ድረስ ይመነጠራል። ገዢው ማክሰኞ መጋዝ ይዞ ይመጣል።»

ታላቅ እህቱ ፈንታነሽ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። የያዘችውን ዳቦ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

እንግዲህ አፋፉ ሚካኤልን ያላየ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። ከደብረ ታቦር ሚኒባስ ይዞ፣ ከዚያ ወርዶ አቀበቱን በእግሩ የወጣ ሰው ዙሪያውን ቢያይ የሚያገኘው እርሻ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ከዚያ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ራቁት ኮረብታ። በዚህ ሁሉ መሀል አፋፉ ላይ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ይታያል። እሱ የሚካኤል ጥድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መጥቶ ቅርንጫፉ ላይ ያርፋል፤ ፀሐይ ሳትሞቅ በፊት ከሥሩ የቆመ ሰው ዝናብ ሳይኖር ይረጥባል። ከጥዱ በታች የምትፈልቀው ምንጭ በጋ ከክረምት አትነጥፍም። መንደሩ የሚጠጣውም ከብቱን የሚያጠጣውም ከእሷ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። የሚያውቁትን ነገር ደግሞ ሰዎች ቶሎ ይረሱታል።

ይሻው ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። «ደግሞ ይህ ጥድ አርጅቷል» አለ። «ከሥሩ ግቡና እዩ፤ አንድ ልጅ አላወጣም። መካን ዛፍ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ በራሱ ጊዜ ደርቆ ይወድቃል። ዋጋ እያለው ብንጠቀምበት ምን አለበት?»

መካን። ይሻው ይህን ቃል ሲጥል እህቱን አላሰባትም፤ አስቦ ቢሆን ኖሮ ምላሱን በነከሰ ነበር። ፈንታነሽ ግን በዚህ ቃል ነበር ከትዳሯ የወጣችው።

በልጅነቷ አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። ያልተጠመቀ ሕፃን በዚህ አገር ቅጥር ግቢ ውስጥ አይቀበርም፣ ፍትሐትም የለው። ከምሥራቁ አጥር ውጪ ቀጋና አጋም የተጠላለፈበት ጥሻ አለ፤ እንዲህ ያሉትን የሚወስዷቸው እዚያ ነው። የማን ልጅ የት እንዳለ ምልክት የለውም፤ የሚያነሣውም የለም። እናትየዋም አልቅሳ አትቀመጥም፤ ጎረቤት «ሌላ ይስጥሽ» ይልና ያልፋል። ለፈንታነሽ ሌላ አልሰጣትም። ባሏ ጥቂት ዓመት ጠብቆ «ከመካን ጋር እርጅናዬን አልጠብቅም» ብሎ ሄደ። እሷም ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ እናቱ የሞተችበትን ታናሽ ወንድሟን ይሻውን አሳደገች። ዛሬ ጋቢ ለብሶ ጉባኤ የሚመራው ሰውዬ ያ ልጅ ነው።

ፈንታነሽ ተነሣች። በዚያ ስብሰባ ሴት ተነሥታ ስትናገር ብዙም አይታይም። ከጎኗ የተቀመጠችው እመቤት፣ የቄሰ ገበዙ ሚስት፣ ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት። እመቤት ድምፅ የሌላት፣ ባሏ እንኳ በቤት መኖሯን አንዳንዴ የሚዘነጋት ሴት ናት። ፈንታነሽ ግን አልተቀመጠችም።

«ይሻው» አለች፤ «እውነትህን ነው፤ ጥዱን ከቆረጥከው ጣሪያው ማፍሰሱን ይተዋል። ዝናብ ከየት መጥቶ!»

ሕዝቡ ሳቀ። ይሻው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይቀመጡ። ይህ የጉባኤ ነገር ነው።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። በብብትህ ያለውን ታውቀዋለህ? መካን መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በዓይኔ አይቼ ነዋ!» አለ ይሻው፤ ሰው ፊት በመደፈሩ ትንሽ ፊቱ ቀላ። «እርስዎም ይግቡና ይዩ። አንዲት የጥድ ልጅ፣ አንዲት ብቻ ያሳዩኝ፤ እኔ ራሴ መጋዙን ከመጣበት እመልሰዋለሁ። በሚካኤል ፊት ተናገርኩ።»

«ሰማችሁ?» አለች ፈንታነሽ ወደ ሕዝቡ ዞራ። ሕዝቡ ሰምቷል፤ ግን ዳቦው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ቄሰ ገበዝ አስረስን ደጃቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በእሳቸው እጅ ነውና። ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን እያሻሹ «ልጄ፣ ጉባኤው ወስኗል፤ እኔ ምን አቅም አለኝ» አሉ። አቅም የሌለው ሰው ብዙ አቅም እንዳለው ፈንታነሽ ታውቃለች፤ እጅ ነስታ ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ምንጩ ጋ እንስራዋን እየሞላች ሳለ ከላይ የሞተር መጋዝ ሲያስነጥስ ሰማች። እንስራዋን እዚያው ትታ አቀበቱን ተያያዘችው። ጉልበቷ የዕድሜዋን ያህል ነው፣ ንዴቷ ግን የወጣት ነው፤ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ከበሩ ውጪ አይሱዙ ቆሟል። ይሻው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቄሰ ገበዙ ከኋላው፣ ስብስብ ያለ የመንደር ሰው ደግሞ ዙሪያውን። ከከተማ የመጣው ገዢ፣ አንድ ጎልማሳ፣ መጋዙን አንድ ትልቅ ጥድ ግንድ ላይ አስጠግቷል።

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

ይህ ቃል እንደ ዱሮው አይከበርም። ዱሮ ይህን የሰማ ሰው እግሩ እንደተነሣ ይቀር ነበር ይላሉ። ዛሬ በከተማ ብትለው ባጃጅ እንኳ አይቆምልህም። ግን ደጋው ላይ ሽማግሌ አለ፣ ሽማግሌ ባለበት ደግሞ አሮጌ ነገር ቶሎ አይሞትም፤ ሰዉ ሁሉ ክው ብሎ ቆመ። መጋዘኛውም ሞተሩን አጠፋ።

ፈንታነሽ ወንድሟ አጠገብ ደርሳ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች፤ በሌላው እጇ የጋቢውን ጫፍ። ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ አጥብቃ ቋጠረቻቸው።

«ተቆራኝተናል» አለች። «ዳኛ እስኪፈታን ድረስ የምሄድበት ትሄዳለህ።»

ሰዉ መጀመሪያ ሊስቅ አስቦ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ቁራኛ የአያቶች ሕግ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ፤ ቋጠሮውን ዳኛ እንጂ ሌላ አይፈታውም፤ ልብሱን ጥሎ የሄደ ተረታ ማለት ነው። ማንም ካየው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ግን ሁሉም ከአባቱ ሰምቶታል።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ሰው ይስቃል» አለ ይሻው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይሳቅ። ጋቢህን ጥለህ ሂድ፤ ማን ከለከለህ?»

ይሻው ጋቢውን አየ፤ ሰዉን አየ። አልጣለም።

«ዳኛስ የት አለ?» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ነገሩ በዚህ እንዲያልቅ ተስፋ አድርገው። ፈንታነሽ ዙሪያዋን ቃኘች። ዱሮ ተካሳሾች በመንገድ ያገኙትን ሰው ዳኛ ያደርጉ ነበር፤ ዘመድ አለመሆኑ ይበቃል። ዓይኗ መጋዘኛው ላይ አረፈ።

«አንተ ልጅ፣ ስምህ ማነው?»

«ሙሉቀን» አለ፤ መጋዙን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር።

«እዚህ አገር ዘመድ አለህ?»

«የለኝም፣ እማማ። እኔ ከደብረ ታቦር ነኝ።»

«እንግዲያ ዳኛ አንተ ነህ። ተቀመጥ።»

«እኔ እኮ ለመቁረጥ ነው የመጣሁት…»

«ለመቁረጥማ አሁንም ትቆርጣለህ፤ ነገር ትቆርጣለህ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥ አልኩ፤ ቆሞ የሚፈርድ ዳኛ የለም።»

ሙሉቀን መጋዙን መሬት አስቀምጦ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ሽማግሌዎቹ በሱ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቁጢጥ ብለው ነበር፤ ሰው እንዲህ ሲያከብር እምቢ ማለት ያስቸግራል። ጉሮሮውን ጠርጎ «የምትካሰሱት በምንድን ነው?» አለ።

ይሻው ሁሉንም ደገመው። ጣሪያውን፣ ባሕር ዛፉን፣ እርጅናውን፤ መካን የሚለውንም ቃል። ፈንታነሽ ደግሞ ያቺኑ የእሑዷን ቃል ብቻ አስታወሰች፤ አንዲት የጥድ ልጅ ካሳየሁት መጋዙን ይመልሳል። «ብለሃል?» አለ ሙሉቀን። «ብያለሁ» አለ ይሻው። «እንግዲያ ትፈልግ። ካገኘች መኪናዬን አዞራለሁ። ካላገኘች ሥራዬን እሠራለሁ።» የፍርዱ አጭርነት ሽማግሌዎቹን ደስ አሰኛቸው።

ገቡ። ፊት ለፊት ፈንታነሽ፣ ከእሷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይሻው፣ ከኋላ ዳኛው፣ ከዚያ የመንደሩ ሰው። ከትልቁ ጥድ ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች፤ ከሚቀጥለውም፣ ከሚቀጥለውም። ከጥዱ ሥር ያለው መሬት ቀይና ልሙጥ ነበር። አንዲት ቅጠል የለም፤ አንዲት ሣር የለም። እንደ አውድማ ተለቅልቋል።

የሚካኤል ንግሥ ሲደርስ በዋዜማው የአጥቢያው ሴቶች መጥረጊያ ይዘው ይወጣሉ። ግቢው እንደ ሙሽራ ቤት መጽዳት አለበት። የረገፈው ቅጠል ይጠረጋል፤ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከመሬት ብቅ ያለ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ይነቀላል። ለሚካኤል ነውና ማንም አይሰንፍም። ከጠራጊዎቹ የሚተርፈውን ደግሞ የንግሥ እንግዶች በቅሎና አህያ ይጨርሰዋል። ሴቶቹን ከፊት ሆና የምትመራው ፈንታነሽ ራሷ ነበረች፤ እንደሷ አጥርቶ የሚጠርግ የለም እየተባለች ስትመሰገን ኖራለች።

አሁን ጎንበስ ባለችበት ነገሩ ገባት። ጥዱስ ይወልዳል። እኛ ነን በየዓመቱ ልጆቹን ጠርገን የምንጥለው፤ ያውም ለበዓሉ ክብር እያልን። ቀና አለችና ይህንኑ ጮክ ብላ ተናገረችው፤ ከኋላዋ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«ሊሆን ይችላል» አለ ይሻው። «ግን ልጅ የለም። ቃሉ ያሳዩኝ ነው፣ ይንገሩኝ አይደለም።»

እውነቱን ነው። ፈንታነሽ ዞራ ወደ ምሥራቁ አጥር ተመለከተች። የጥድ ልጅ ያለበትን ቦታ ታውቃለች። ከሁሉ በፊት ስታውቀው የነበረ ነገር ነው፤ እዚህ ውስጥ ስትንከራተት የቆየችውም ወደዚያ ላለመሄድ ነበር። ዓመት እስከ ዓመት ማንም ሳያያት በአጥሩ ፍርስራሽ እየተሻገረች ጥሻው ጥግ ትቀመጥ ነበር። ያ ቦታ የብቻዋ ነው። አሁን ይህን ሁሉ ሰው፣ ይህን ሁሉ እግር፣ ቄሰ ገበዙን ጭምር ወደዚያ ልትወስድ? ሰው አይቶ ምን ይላል? ስትመላለስ ኖራለች ለካ ይላል፤ ይስቃል ወይም ያዝናል፤ ማዘኑ ደግሞ ከመሳቁ ይብሳል።

ዝም ብትል ግን ቀኑ ሳያልፍ መጋዙ እዚያም ይደርሳል። ይህን ስታስብ እፍረቷ እንደ ነጠላ ከትከሻዋ ወረደ፤ በቦታው የመጣው ንዴት ነበር። ያፈርኩት እኔ ለምንድን ነው? ምን ሰርቄ ነው? ልጄን ነው የቀበርኩት።

«ና» አለች ወንድሟን። ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ ወደ አጥሩ አመራች።

«ወዴት ነው?»

«አንተ ወደምታውቀው።»

ይሻው ፊቱ ተለወጠ። አልተከራከረም። የአጥሩ ካብ የፈረሰበት ቦታ ላይ እጇን ይዞ አሻገራት፤ ልብሳቸው ስለተቋጠረ አብረው መዝለል ነበረባቸው። ዳኛው ተከተለ። ሰዉ አጥሩ ጋ ሲደርስ ዘገየ። ሴቶቹ ደግሞ ቆሙ። ያ ቦታ ምን እንደሆነ የማታውቅ ሴት በመካከላቸው አልነበረችም።

ፈንታነሽ በባዶ እጇ የቀጋውን እሾህ ገለጠች። ክንዷ ተቧጨረ፣ አልመለሰችውም።

«እይ» አለች።

ከእሾሁ ሥር ጥዶች ነበሩ። ከጣት የማይበልጡ አሉ፤ ጉልበት የሚደርሱ አሉ፤ አጋሙን ሰንጥቀው ወገብ ድረስ የወጡ አሉ። ሌላውን ገለጠች፤ እዚያም አለ። ሙሉቀን በጉልበቱ ተንበርክኮ በእጁ አፈሩን ነካ። አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ማንም ያልጠረገው ቅጠል በላዩ ላይ በስብሶ ተነባብሯል። ከቀጋው ላይ አንዲት ወፍ ብድግ ብላ ወደ ትልልቆቹ ጥዶች በረረች።

«እሷ ናት» አለ ሙሉቀን ለራሱ። «ፍሬውን እዚያ ትበላና እዚህ መጥታ ትጥለዋለች። እሾሁ ደግሞ ፍየል አያስገባም።» ከዚያ ዳኛ መሆኑ ትዝ አለውና ተነሣ። «እኔ ብዙ ቦታ ቆርጫለሁ። ጥድ በቆረጥኩበት ቦታ ጥድ በራሱ ሲበቅል አላየሁም። ባሕር ዛፍ ከተተከለ ደግሞ ከሥሩ ሣርም አይወጣ። አንድ አገር ቆርጬ በዓመቱ ስመለስ ሰዎቹ ውሃ በአህያ ጭነው ሲያመጡ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን እንኳ አልመለሱልኝም።»

ይሻው አልሰማውም። ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል፤ አንዲት ለጋ ጥድ አጠገብ ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ።

«እዚህ ጋ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የቆፈርኩት። መቆፈሪያው ከቁመቴ ይበልጥ ነበር።»

ፈንታነሽ ከድንጋይዋ አጠገብ ጎንበስ አለች።

«ስሟን ሕይወት ነበር ያሏት» አለ ይሻው። «ክርስትና ስላልተነሣች ስሟን እንዳትጠራ ብለውኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ስም ከሌላ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም ነበር።  አሁን ማልቀስ አልፈለገችም፤ አሁን መርታት ነው የፈለገችው።

«ዳኛ፣ ፍረድ» አለች።

ሙሉቀን የሚቀመጥበት ድንጋይ ፈልጎ አጣ፤ ያለችው ያች ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ብቻ ነበረች፤ እሷ ላይ ሊቀመጥ አልደፈረም። ቆሞ ፈረደ። «ጥዱ መካን አይደለም። ረትተዋል፣ እማማ። መኪናዬን አዞራለሁ።» እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ።

ፈንታነሽ በመዳፏ ቋጠሮውን ሸፈነችው።

«አይፈታም።»

«ረትተዋል እኮ!»

«መጋዙን ነው የረታሁት። እነዚህን ግን ነገ ደግሞ ሌላ ጉባኤ ተሰብስቦ ይመነጥራቸዋል። አጥር ያስፈልጋቸዋል። ይህ ካብ ከዚህ ይነሣና ከጥሻው ወዲያ፣ መንገዱ አፍ ላይ ይቁም። ልጆቹ ወደ ውስጥ ይግቡ።»

ቄሰ ገበዝ አስረስ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከሁሉ ቀድሞ የገባቸው እሳቸው ናቸው። መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

«ፈንታነሽ! ይህማ አይሆንም። ሥርዓት አለ። ያልተጠመቀ በቅጥር ውስጥ አያርፍም። ቀኖና ነው፣ እኔ ያወጣሁት አይደለም።»

«አባቴ፣ እኔ ፍትሐት አልጠየቅሁዎትም» አለች ፈንታነሽ። «አጥር ነው የጠየቅሁት፤ ለጥዱ። የጥድ ልጅ ክርስትና ይነሣል ወይ?»

«ነገሩን እያወቅሽ…»

«አውቃለሁ። እርስዎም ያውቃሉ። እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ሚካኤል ጥላ ሆኖ ያቆየው አንድም ልጅ እዚያ እናንተ በጠረጋችሁት… እኛ በጠረግነው ግቢ ውስጥ የለም። ያቆየው እዚህ ነው። እኛ የጣልነው ቦታ ላይ። ከእኛ ይልቅ ወፏ ታውቅበታለች ማለት ነው። አጥሩ ይውጣ። ካልወጣ እኔና ይሻው እንደተቋጠርን እንኖራለን፤ ሚስቱ ለሁለታችን ታብስል።»

ሰዉ ሳቀ፤ ቄሰ ገበዙ ግን አልሳቁም። «አይሆንም» አሉ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ አጥር አንድ ድንጋይ አይነሣም።»

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ ድንጋይ ተነሣ። ያነሣው ይሻው ነበር። አፈ ጮሌው ይሻው አሁን አንድም ንግግር አላደረገም፤ ጎንበስ ብሎ ከካቡ አንድ ትልቅ ድንጋይ አቀፈ፤ ቋጠሮው እህቱን አብሮ ስለሚጎትታት እየጠበቃት ጥሻውን ዞረው መንገዱ አፍ ላይ አስቀመጠው።

«ይሻው! አንተ ሊቀ መንበር ነህ!»

«ነኝ፣ አባ። በሚካኤል ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ስለ ጣሪያው ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሌላ ድንጋይ ለማንሳት ሲመለሱ ሴቶቹ ተንቀሳቅሰው ነበር። መጀመሪያ የመጣችው አልማዝ ናት፤ ስድስት ልጅ ወልዳ ስድስቱንም የዳረች፣ ሞት ቤቷን አያውቀውም የምትባል ሴት። ድንጋይ አነሣች፤ ይሻው ካስቀመጠው ጎን አኖረችና ወደ ጥሻው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከተች። ሰባት ነበሩ ለካ። ከእሷ ኋላ ሌላዋ፤ ከዚያ ሌላዋ። ፈንታነሽ ይህን ሁሉ ዘመን ቦታው የብቻዋ ይመስላት ነበር። ለመሆኑ እነዚህስ በየትኛው ሰዓት ነበር የሚመጡት? እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልተገናኙም?

ወንዶቹ ቆመው ያዩ ነበር። አንዳንዱ ሚስቱ ድንጋይ ስታነሣ አይቶ፣ ምን እያደረገች እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ገብቶት ባርኔጣውን አወለቀ።

ቄሰ ገበዙ «ተዉ እላለሁ! እገዝታለሁ!» እያሉ ከአንዷ ወደ አንዷ ይዞሩ ነበር። ሊገዝቱ እጃቸውን ሲያነሡ አንዲት ሴት በፊታቸው አለፈች። ደቃቃ ናት፤ የያዘችው ድንጋይ ከአቅሟ በላይ ነው፣ ወገቧ ጎብጧል። እመቤት ነበረች፤ ሚስታቸው።

የቄሰ ገበዙ እጅ አየር ላይ ቀረ።

እመቤት ባሏን ቀና ብላ አላየችም። ድንጋዩን ይዛ ሄደች፤ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠችው፤ እንዳይንገዳገድ በትንሽ ጠጠር ሥሩን ደገፈችው። ከዚያ ያ ድምፅ የላትም የሚባለው አፏ ተከፈተ።

«ሁለት ናቸው» አለች። «ሌላም አመጣለሁ።»

ቄሰ ገበዝ አስረስ መቋሚያቸውን ጥድ ላይ አስደገፉ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ካባቸውን ሰብስበው ወደ ካቡ ሄዱ፤ ሚስታቸው ልታነሣ የጎነበሰችበትን ድንጋይ ከእጇ ተቀበሏት። ድንጋዩን ተሸክመው በፈንታነሽ አጠገብ ሲያልፉ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«ለጥዱ ነው» አሉ።

«ለጥዱ ነው፣ አባቴ» አለች ፈንታነሽ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምሥራቁ አጥር ከነበረበት ተነሥቶ ነበር፤ በነበረበት ቦታ የቀረው የነጣ መስመር ብቻ ነው። አዲሱ ካብ ገና ጉልበት አልደረሰም፤ ግን ዙሪያውን ገጥሟል፤ ጥሻው፣ እሾሁ፣ ለጋዎቹ ጥዶች፣ ሁሉም ከውስጥ ናቸው። ሙሉቀን መኪናውን አላዞረም ነበር፤ እጅጌውን ሰብስቦ ድንጋይ ሲያቀብል ውሏል። ፈንታነሽ ካቡን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካችው። ከዚያ የተቋጠረውን ልብስ፣ የሷን ነጠላና የወንድሟን ጋቢ፣ አፈር እንደለበሰ ወደሱ ዘረጋች።

«ዳኛ» አለች፤ «አሁን ፍታን።»